ከቤት ስትርቁ ኢንተርኔት እንዳይለያችሁ፦ ደረጃ በደረጃ

«መንገድ ልወጣ ነው፤ እዚያ ኢንተርኔት እንዴት አገኛለሁ?» የሚለው ጥያቄ አያልቅብኝም። አንዱ ሻንጣውን ዘግቶ፣ በር ላይ ቆሞ ይጠይቀኛል። ሌላው ከደረሰ በኋላ በሰው ስልክ ደውሎ ይጠይቀኛል። ሁለቱም ዘግይተዋል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም ብዬ መልሱን እዚህ በአንድ ላይ ጻፍኩት።

የነገሩ ክፋት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ራሱ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢሲም፣ ማለትም ፕላስቲክ ካርድ የሌለው ሲም፣ የሚጫነው በኢንተርኔት ነው። አፕ የሚወርደው በኢንተርኔት ነው። አንድ ነገር እምቢ ሲላችሁ መፍትሔውን የምትፈልጉትም እዚያው ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የሚሠሩት ቤት ተቀምጦ ነው። ለጉዞው አንድ ሁለት ቀን ሲቀር ጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሆትስፖት ማብራት የሚችል፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለሌላ ዕቃ ማካፈል የሚችል ስልክ።
- ዳታ ያለው ሲም ካርድ ወይም ኢሲም።
- ዳታ የሚያሳልፍ የዩኤስቢ ገመድ። አንዳንዱ ገመድ ቻርጅ ከማድረግ ውጭ ሌላ ነገር አያውቅም። ከስልክ ወደ ላፕቶፕ አንድ ፎቶ ገልብጣችሁ ሞክሩት፤ ካለፈ ይሠራል።
- ፓወር ባንክ። ሆትስፖት ባትሪ ይጨርሳል።
- የሲም ማስገቢያውን የምትከፍተው መርፌ። ትንሽ ናት፤ ሁልጊዜ የምትረሳውም እሷ ናት።
- ወረቀትና እስክሪቢቶ። አትሳቁ፣ ደረጃ 4 ላይ ትደርሱበታላችሁ።
- ከፈለጋችሁ፣ የኪስ ዋይፋይ ወይም ትንሽ የጉዞ ራውተር። ሁለቱም ኢንተርኔትን ለብዙ ዕቃ የሚያካፍሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው። ብቻውን በአንድ ስልክና በአንድ ላፕቶፕ ለሚሄድ ሰው አያስፈልግም። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ወይም ብዙ ዕቃ ለሚያገናኝ ግን ጥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ፓወር ባንኩን በእጅ በምትይዙት ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት (Wh) ያለው በአጠቃላይ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ዕቃው ላይ የተጻፈው ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩን በ3.7 አባዙና ለ1000 አካፍሉት። 20,000 የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

1. ስንት ዳታ እንደምትጨርሱ እወቁ

የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣችሁ የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው። የጽሑፍ መልእክትና ኢሜይል ዳታ ይበላሉ ለማለት ይከብዳል። ቪዲዮ ግን በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በኤችዲ ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። የቪዲዮ ስብሰባም በሰዓት 1 ጊጋ አካባቢ ሊወስድ ይችላል፤ ሰዎቹ ሲበዙና ጥራቱ ሲጨምር ከዚያም ያልፋል።

ከመገመት ይልቅ ስልካችሁን ጠይቁት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ያለፈውን ወር የዳታ አጠቃቀም ተመልከቱ። እዚህ ላይ ግን አንድ መታለል አለ። የሞባይል ዳታ ሥር የሚታየው በሲም ካርዱ ያለፈው ብቻ ነው። ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ፣ ምሽት ምሽት የምታዩት ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ውስጥ የለም። አንድሮይድ የዋይፋዩን አጠቃቀም ለብቻው ያሳያል፤ ሁለቱን ደምሩ።

2. ስልኩ ሌላ ሲም እንደሚቀበል አረጋግጡ

በክፍያ ውል የተገዙ አንዳንድ ስልኮች ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ የተቆለፉ ናቸው። የተቆለፈ ስልክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዚያ የምትገዙት ሲም ዋጋ የለውም። የሌላ ኦፕሬተር ሲም ከወዳጅ ተውሳችሁ አስገቡና እዩ። ኔትወርክ ከያዘ ክፍት ነው። የመክፈቻ ኮድ ከጠየቀ ተቆልፏል፤ የሚከፍትላችሁም የቆለፈው ኦፕሬተር ነው።

ኢሲም መቀበሉን ለማወቅ *#06# ብላችሁ ደውሉ። ከሚመጡት ቁጥሮች መካከል ኢአይዲ የሚል 32 አሃዝ ያለው ካለ ስልኩ ኢሲም ይቀበላል። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ ከአይፎን 14 ወዲህ ያለ ስልክ የያዛችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እሱ የፕላስቲክ ሲም ማስገቢያ የለውም። እዚያ ስደርስ ሲም ካርድ እገዛለሁ የሚለውን ሐሳብ እርሱት።

3. ሁለት መንገድ ያዙ፣ አንድ አይበቃም

በአንድ መንገድ ብቻ የሚተማመን ሰው ያ መንገድ ሲዘጋ መላ የለውም። አንዱ ዋናችሁ፣ ሌላው መጠባበቂያችሁ ይሁን። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው።

አገር ውስጥ ለሚጓዝ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የራሳችሁ ሲም፣ በቂ የዳታ ጥቅል፣ እና ሆትስፖት። በምትሄዱበት ቦታ ኦፕሬተራችሁ ደካማ ከሆነ የሌላውን ሲም በሁለተኛው ማስገቢያ አድርጉ።

ወደ ውጭ ለአጭር ጊዜ ከሆነ እኔ የምመርጠው ኢሲም ነው። ቤት ሆናችሁ ትጭኑታላችሁ፤ የራሳችሁ ሲም ደግሞ ለጥሪና ለኤስኤምኤስ በቦታው ይቆያል። ከሁለት ሳምንት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የቦታው ሲም በጊጋ ሲሰላ ይረክሳል፤ የአካባቢ ስልክ ቁጥርም ይሰጣችኋል። አብዛኛው የጉዞ ኢሲም ዳታ እንጂ ስልክ ቁጥር የለውም። በራስ ሲም ሮሚንግ መጠቀም፣ ማለትም በሌላ ኦፕሬተር ኔትወርክ ላይ በእንግድነት መሥራት፣ ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ ቀድማችሁ የሮሚንግ ጥቅል ካልገዛችሁ ግን በጣም ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

የምታርፉበት ቦታ ዋይፋይ ሁልጊዜ መጠባበቂያ ነው፤ ዋና መሆን የለበትም። «ዋይፋይ አለ» የሚለው ቃል ፍጥነቱንም፣ እናንተ ክፍል መድረሱንም አይነግራችሁም።

ኢሲም ከመረጣችሁ እቤት ጫኑት። ከመጫናችሁ በፊት ግን አገልግሎቱ መቆጠር የሚጀምረው ሲጫን ይሁን ወይስ እዚያ ኔትወርክ ሲይዝ አንብቡ። ሲጫን የሚቆጠር ከሆነ የመነሻው ቀን ድረስ ጠብቁ። ኢሲሙን የሚያስጭነውን ኪውአር ኮድም (በካሜራ የሚነበበውን ሥዕል) በሌላ ስክሪን ላይ ክፈቱት ወይም አትሙት።

ይህንን የምለው እኔ ስለተቀጣሁበት ነው። አንድ ጊዜ ገዝቼ ሳልጭነው እኩለ ሌሊት ላይ ደረስኩ። ኪውአር ኮዱ ኢሜይሌ ውስጥ ነው። ኢሜይሌ ስልኬ ውስጥ ነው። ስካን የሚያደርገው ካሜራም ያው የስልኬ ነው። የስልክ ካሜራ የራሱን ስክሪን አያይም። ያም ቢሳካ እኮ ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልገኝ ነበር። ያን ሌሊት ከአንድ የማላውቀው ሰው ሆትስፖት ለምኜ ነው የወጣሁት።

ማስጠንቀቂያ፦ የተጫነ ኢሲም አልሠራ ሲል ከስልኩ አትሰርዙት። ብዙዎቹ ኮዶች አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግሉት። ከሰረዛችሁት ያው ኮድ መልሶ ላይቀበላችሁ ይችላል። መጀመሪያ ደረጃ 6ን ሞክሩ።

4. የማረጋገጫ ኮዶችን ከኤስኤምኤስ ነጻ አውጡ

ከአዲስ ቦታ ወደ ኢሜይላችሁ ስትገቡ «በስልክዎ የላክነውን ኮድ ያስገቡ» ይላችኋል። ያ ስልክ ቁጥር ያለበት ሲም ከወጣ ወይም ኔትወርክ ካልያዘ ከራሳችሁ አካውንት ውጭ ቀራችሁ ማለት ነው።

መፍትሔው የኮድ አመንጪ አፕ ነው። በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ የሚሰጠው በስልኩ ሰዓትና በተቀመጠው ቁልፍ እያሰላ ስለሆነ ኢንተርኔትም ኔትወርክም አይፈልግም። ለኢሜይልና ለዋና ዋና አካውንቶቻችሁ አሁን አስተካክሉት። የመጠባበቂያ ኮዶችንም አውጡና በወረቀቱ ላይ ጻፏቸው። ስልኩ ራሱ ቢጠፋ የምትገቡት በእነዚያ ነው። ወረቀቱን ከስልኩ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቱት።

5. ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ሁሉ አውርዱ

የምትሄዱበትን አካባቢ ካርታ ወደ ስልካችሁ አውርዱ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት ነው የሚያዳምጠው። ኢንተርኔት የሚፈልገው የካርታው ሥዕል ነው። ካርታው ከወረደ፣ ዳታ ባይኖርም የቆማችሁበትን ያሳያችኋል። የትርጉም ቋንቋውን፣ ቲኬቱን፣ የማረፊያውን አድራሻ ስክሪንሾትም እንዲሁ አስቀምጡ።

የስልክና የላፕቶፕ አፕዴቶችን ጨርሱ። አለበለዚያ በሆትስፖት የተገናኘ ላፕቶፕ ብዙ ጊጋ አፕዴት በዝምታ ሲያወርድ ዳታችሁ ዓይናችሁ እያየ ያልቃል። ቪፒኤን (ግንኙነታችሁን አመስጥሮ በሌላ ቦታ በኩል የሚያሳልፍ አፕ) የምትጠቀሙ ከሆነ እሱንም አሁን ጫኑ። በአንዳንድ አገሮች ቪፒኤን የተከለከለ ወይም የተገደበ ስለሆነ የምትሄዱበትን ሕግ ቀድማችሁ አጣሩ።

ከደረሳችሁ በኋላ

6. ሲሞቹን አስተካክሉ

ሁለት ሲም ላለው ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ ሳታጠፉ ወደ ሴቲንግ ግቡ። የቤቱን ሲም «ዳታ ሮሚንግ» ዝጉ። የሞባይል ዳታውን ወደ ጉዞው ኢሲም አዙሩ። የኢሲሙን «ዳታ ሮሚንግ» ክፈቱ። ከዚያ ኤርፕሌን ሞዱን አጥፉ።

ለምን በዚህ ቅደም ተከተል? ስልኩ ኔትወርክ እንደያዘ ወዲያው ያለፉትን መልእክቶችና ፎቶዎች መሳብ ይጀምራል። በየትኛው ሲም እንደሚስብ ሳትወስኑ ካበራችሁት በውዱ ሊጀምር ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ የኢሲሙን ሮሚንግ መክፈት ይፈራል። አትፍሩ። የጉዞ ኢሲም ብዙውን ጊዜ የሌላ አገር ኦፕሬተር ስለሆነ በምትሄዱበት ሁሉ እንግዳ ነው፤ ሮሚንግ ካልተከፈተለት አይሠራም። ቀድማችሁ የከፈላችሁበት ጥቅል ስለሆነም ሲያልቅ ይቆማል እንጂ ዕዳ አያመጣም።

አንዱ ሲም ሲደክም ስልኩ በራሱ ወደ ሌላው ዳታ እንዲዞር የሚፈቅድ ማብሪያም አለ። እሱን ዝጉ።

ኔትወርክ እያለ ዳታ ከሌለ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ኤርፕሌን ሞድ አብርታችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ አጥፉ። አልሆነም? ስልኩን ሪስታርት አድርጉ። አሁንም? ኤፒኤን የሚለውን ቦታ ክፈቱና ሻጩ የላከላችሁን ስም አስገቡ። ኤፒኤን ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር ስም ነው። አንድ ፊደል ቢሳሳት ጥሪ እየሠራ ዳታ ይጠፋል። የመጨረሻው ኔትወርኩን በእጅ መምረጥ ነው። «ኦቶማቲክ» የሚለውን አጥፍታችሁ ከሚመጡት ስሞች ኢሲሙ የሚሠራበትን ምረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ አውሮፕላንና የባሕር መርከብ ውስጥ ኤርፕሌን ሞዱ እንደበራ ይቆይ። አንዳንዶቹ በሳተላይት የሚሠራ የራሳቸው የሞባይል ኔትወርክ አላቸው፤ ተራው የሮሚንግ ጥቅል ብዙ ጊዜ እሱን አይሸፍንም። ዋይፋይ ካላቸው ኤርፕሌን ሞድ ላይ እያላችሁም ዋይፋዩን ብቻ ለይታችሁ ማብራት ትችላላችሁ።

7. ሆትስፖቱን አብሩ

ላፕቶፕ ለማገናኘት ሦስት መንገድ አለ፦ ገመድ፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ። «ገመድ አልባ ፈልጌ ገመድ ትለኛለህ?» እንዳትሉኝ። ከኔትወርክ ማማው እስከ ስልኩ ገመድ የለም። ከስልኩ እስከ ላፕቶፑ ግን ላፕቶፑ አጠገባችሁ ከሆነ የዩኤስቢ ገመድ ይሻላል። አይቆራረጥም፣ ስልኩንም ጎን ለጎን ቻርጅ ያደርገዋል። ብሉቱዝ ባትሪ ይቆጥባል፤ ፍጥነቱ ግን ከጽሑፍ አያልፍም። ከአንድ በላይ ዕቃ ካላችሁ ዋይፋይ ነው።

በዋይፋይ ሲሆን ሴቲንጉ ውስጥ 2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ የሚል የሞገድ ምርጫ ታገኛላችሁ። 5 ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን በደንብ አያልፍም። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ በሰው በተጨናነቀ ቦታ ግን ብዙ ዕቃ ስለሚጋራው ይጎተታል። ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆኑ 5ን ምረጡ። የቆየ ላፕቶፕ የሆትስፖቱን ስም ጭራሽ ካላየ 2.4 አድርጉት። አይፎን ላይ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለው ማብሪያ ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

ፓስወርዱን ረጅም አድርጉ፤ ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር። የሆትስፖቱን ስምም ቀይሩት፤ የራሳችሁን ስም ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ማስነበብ አያስፈልግም።

ስልኩ የሚቀመጥበት ቦታ ከሴቲንጉ ሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣል። ብዙ ሰው ስልኩን አጠገቡ አድርጎ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ይላል። ከስልኩ እስከ ላፕቶፑ ያለው ርቀት እኮ ችግር አይደለም። ችግሩ ከስልኩ እስከ ማማው ያለው ነው። ስልኩን መስኮት ላይ፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እናንተ ወንበራችሁ ላይ ቆዩ። ወፍራም ኮንክሪትና ብረት የማማውን ምልክት ያዳክሙታል። ሙቀት የሚከላከል ሽፋን የተቀባ መስታወትም እንዲሁ፤ እንደዚያ ዓይነት መስኮት ከሆነ ከፍታችሁ ሞክሩ። ፀሐይ ላይ ግን አትተዉት። ቻርጅ እየተደረገ ሆትስፖት የሚያጋራ ስልክ በራሱ ይግላል፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ቻርጅ ማድረጉን ያቆማል።

ከተገናኛችሁ በኋላ ለላፕቶፑ ይህ መስመር የሚቆጠር መሆኑን ንገሩት። ዊንዶውስ ላይ የዋይፋዩን ስም ተጭናችሁ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ማክ ላይ «ሎው ዳታ ሞድ» ነው። አብዛኛው አፕዴትና የፎቶ መጠባበቂያ ያኔ ይቆማል። ይህችን አንዲት ማብሪያ ባለማወቅ የሳምንት ጥቅል በአንድ ምሽት የጨረሰ ሰው አውቃለሁ። በመስታወት ሳይ የማየው ሰው ነው።

8. የቦታው ዋይፋይ ውስጥ ግቡ

ሀ. ትክክለኛውን ስም ሠራተኛ ጠይቁ። ማንም ሰው በስልኩ ሆትስፖት ላይ የቦታውን ስም ጽፎ ሊያበራ ይችላል። ስልካችሁ የሚያየው ስሙን ነው፤ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ለ. ስሙን ተጭናችሁ ጠብቁ። ብዙ ቦታ የመግቢያ ገጽ በራሱ ይከፈታል፤ የክፍል ቁጥር ወይም ኮድ ይጠይቃል።

ሐ. ገጹ ካልመጣ፣ ከጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛልኝ ይኼኛው ነው። «ዋይፋዩ ተገናኝቷል፤ ግን ምንም አይከፍትም» ይሉኛል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የቦታው ራውተር የምትከፍቱትን ገጽ ጠልፎ በምትኩ የራሱን የመግቢያ ገጽ ሊያሳያችሁ ይሞክራል። የዛሬ ድረ ገጾች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በኤችቲቲፒኤስ (የገጹን ይዘት በሚያመሰጥር ዘዴ) የተቆለፉ ናቸው፤ ብሮውዘሩም መጠለፋቸውን አይቀበልም። ስለዚህ ሁለቱ ሲጓተቱ እናንተ ባዶ ገጽ ታያላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። ቪፒኤን ካለ ለጊዜው አጥፉት። አንድሮይድ ላይ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን «ኦቶማቲክ» አድርጉ። ከዚያ ከዋይፋዩ ስም አጠገብ ያለውን ምልክት ተጫኑ። «ራውተር» ወይም «ጌትዌይ» ከሚለው ጎን እንደ 192.168.1.1 ያለ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር እንዳለ ብሮውዘር ላይ ጻፉት። ብዙውን ጊዜ ገጹ ብቅ ይላል። ካልሆነ ዋይፋዩን «ፎርጌት» ብላችሁ እንደ አዲስ ግቡ።

መ. በየጊዜው ደግማችሁ ግቡ የሚላችሁ ከሆነ፣ ስልካችሁ መለያ አድራሻውን እየቀያየረ ሊሆን ይችላል። ራውተሩ የሚያስታውሳችሁ በዚያ አድራሻ ነው፤ ሲቀየር አዲስ እንግዳ ትመስሉታላችሁ። አዲሶቹ አይፎኖች ላይ ለዚያ ዋይፋይ «ፊክስድ» የሚለውን መምረጥ ይቻላል።

ሠ. ቦታው ሁለት ዕቃ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ላፕቶፑን አስገቡና ከእሱ አጋሩ። ዊንዶውስ 10 እና 11 «ሞባይል ሆትስፖት» የሚል አላቸው፤ የተቀበሉትን ዋይፋይ መልሰው ያካፍላሉ። የጉዞ ራውተርም ጥቅሙ ይህ ነው፤ እሱ አንዴ ይገባል፣ የቀረው ሁሉ በእሱ ሥር ይሆናል።

9. በሰው ዋይፋይ ላይ ራሳችሁን ጠብቁ

ፓስወርድ የሌለው ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ ያለውን ነገር አያመሰጥርም። ደግነቱ ኤችቲቲፒኤስ ያለበት ገጽ ይዘቱን ራሱ ያመሰጥራል። የዋይፋዩ ባለቤት ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄዳችሁ ማየት ይችል ይሆናል እንጂ ፓስወርዳችሁን አያነብም። ቪፒኤን ይህንንም ከእሱ ይደብቃል፤ ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ግን ያዞረዋል። ማንነቱ የማይታወቅ ነጻ ቪፒኤን ለዚህ ነው የማልመክረው።

እንግዲህ ዋናው ሕግ፦ ብሮውዘሩ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲያሳያችሁ አትለፉ። ምናልባት የመግቢያ ገጹ ስላልተሞላ ነው፤ ምናልባትም የስልኩ ቀን ተሳስቷል። ምናልባት ደግሞ አንድ ሰው መሐል ገብቷል። ከውጭ ሲታይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። የባንክ ሥራ ካላችሁ ወደ ሞባይል ዳታ ዞራችሁ ሥሩት።

ዊንዶውስ ሲጠይቃችሁ «ፐብሊክ» የሚለውን ምረጡ። ላፕቶፑ ያኔ ፋይሎቹን ለሌሎች አያሳይም።

10. ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለኩ

ስብሰባ ካላችሁ ከግማሽ ሰዓት በፊት የፍጥነት መለኪያ ክፈቱ። ሁሉም የሚያየው የማውረጃውን ቁጥር ነው። ለስብሰባ ግን የሚያጣላችሁ የመጫኛው ነው፤ ምስላችሁና ድምፃችሁ የሚሄደው በእሱ ነው። ለአንድ ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ በሁለቱም አቅጣጫ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ካለ ትሠራላችሁ፤ 4 ካለ ምቹ ነው። ፒንግ የሚለው ደግሞ መዘግየቱ ነው። ከ200 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ እየተቋረጣችሁ አንዳችሁ በአንዳችሁ ላይ ትናገራላችሁ። የጉዞ ኢሲም መስመር አንዳንዴ በሌላ አገር በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ፒንጉ ከፍ ይላል፤ ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖ ጥሪው ቢዘገይባችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

መለኪያውን ግን አትደጋግሙት። በፈጣን መስመር ላይ አንዱ ሙከራ ብቻ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል።

ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ ቪዲዮውን ዝጉና በድምፅ ብቻ ግቡ። ማረፊያ ቦታ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለ እዩ። ሰው ሁሉ ዋይፋዩ ላይ ሲጋፋ መሰኪያው ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው።

11. ስትወጡ የዋይፋዩን ስም ከስልኩ ሰርዙ

«ፎርጌት» በሉት። ስልክ የሚያውቀውን ስም ባገኘ ቁጥር ሳይጠይቃችሁ ሊገባ ይችላል። ያንን ተራ ስም ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ቢያበራው ስልካችሁ ዘሎ ይገባበታል። በቋሚነት የምትመላለሱበት ቦታ ከሆነ መሰረዝ አያስፈልግም፤ በራሱ እንዳይገባ «ኦቶ ጆይን» የሚለውን ብቻ ዝጉ።

የተለመዱ ስህተቶች

- የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ስለሆነ ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ። ምልክቱ የሚነግራችሁ ከእናንተ እስከ ራውተሩ ያለውን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ መስመሩ ተቆርጦም ምልክቱ ሙሉ ይሆናል።
- ሜጋቢትና ሜጋባይትን ማምታታት። 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው። 16 ሜጋቢት የሚል መስመር በሰከንድ 2 ሜጋባይት ነው የሚያወርደው፤ አልተታለላችሁም።
- ሆትስፖቱ «በራሱ ጠፋ» ብሎ መደናገጥ። የተገናኘ ዕቃ ከሌለ ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያጠፉታል። አይፎን ላይ ላፕቶፑ እስኪገናኝ ድረስ የሆትስፖቱን ገጽ ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁ።
- የኪስ ዋይፋይ ከአንድ አገር ገዝቶ ሌላ አገር መውሰድ። የፎርጂ ሞገዶች ከአገር አገር ይለያያሉ። ዕቃው የሚደግፋቸው የባንድ (የሞገድ) ቁጥሮች እዚያ ካሉት ጋር ካልገጠሙ ሲሙ ጤነኛ ሆኖ ኔትወርክ አይይዝም።
- ቪፒኤን ለመግቢያ ገጹ ብሎ አጥፍቶ መልሶ ማብራት መርሳት።
- የቤቱን ሲም አውጥቶ «በኋላ አነሳዋለሁ» ብሎ ጠረጴዛ ላይ መተው። በፕላስተር ከስልኩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ጋር ለጥፏት፤ መርፌዋንም አብራችሁ።